ሸንት የገባለት ሕፃን፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ለተቋጠረበት ሕፃን የሚገባው ሸንት ከአንጎል ተነስቶ በቆዳ ሥር አልፎ ሆድ ውስጥ የሚያልቅ ቀጭን ቱቦ ነው። ከሰበታ ወይም ከለገጣፎ ጥቁር አንበሳ ወይም ዘውዲቱ እስኪደረስ ሰዓት ይሄዳል፤ ስለዚህ ምልክቱን ቤት ሆኖ መለየት ግድ ነው።

ትኩሳት፣ ጡት እምቢ ማለት፣ በቱቦው መስመር ላይ መቅላት

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኢንፌክሽን በአብዛኛው የሚመጣው ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው። የቆዳ ባክቴሪያ ቱቦው ላይ ይጣበቃል፤ እዚያ ከተጣበቀ ደግሞ ሽሮፕ አያጠፋውም። አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ወጥቶ፣ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ፣ በኋላ አዲስ ይገባል። ከፋርማሲ የተገዛ አንቲባዮቲክ ትኩሳቱን ለጊዜው ያበርድና የምርመራውን ውጤት ያሳስታል። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የመጀመሪያው ቃል «ሸንት አለው» ይሁን፤ የሆስፒታሉ ወረቀትም አይረሳ።

እርግብግቢቱ ያበጠ፣ የሚያስመልሰው፣ ዓይኑ ወደ ታች የወረደ

ቱቦው ተደፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ሲያለቅስ የማንኛውም ሕፃን እርግብግቢት ይወጠራል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ቀጥ ተደርጎ እንደተያዘ በጣት ይዳሰስ። በየሳምንቱ ሜትሩን ከቅንድብ በላይ፣ ከጆሮ በላይ አድርጎ በማጅራት በኩል በጣም በወጣው አጥንት ላይ በማዞር መለካትና መጻፍ ይገባል። ጤነኛ ጭንቅላት እስከ 3 ወር በወር 2 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከ3 እስከ 6 ወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። በሳምንት 1 ሴንቲሜትር ከጨመረ ቀጠሮ አይጠበቅ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰድ። ከቆዳው ሥር ያለችውን፣ የፈሳሹን ፍሰት የምትቆጣጠረውን ቫልቭ ቤት ውስጥ መጫን አይገባም።

ከቁስሉ ንጹሕ ውሃ የሚወጣ

የአንጎል ፈሳሽ ነው፤ በወጣበት ባክቴሪያ ይገባል። በንጹሕ ጎዝ ሸፍኖ በዚያው ቀን መሄድ ነው። ቅቤ፣ ቅጠል፣ ዱቄት አይደረግበት። ጠበልም ቢሆን ቁስሉ እስኪድን ጭንቅላቱን አይንካ። ቫልቩ ባለበት ጎን አያስተኙት፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ይቆስላል። የአንቀልባው ጠፍርም ቱቦው ላይ አይረፍ።

እርግብግቢቱ የጎደጎደ

ተቅማጥ ካለው ፈሳሽ አጥሮታል፤ ጡትና ኦአርኤስ እየተሰጠው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ተቅማጥ ሳይኖር በጣም ከጎደጎደ ሸንቱ ከልክ በላይ እያፈሰሰ ስለሚሆን የቀዶ ሐኪሙ ይየው።

ብሽሽት ላይ የሚመጣ እብጠትና የሆድ መነፋትም መታየት አለባቸው፤ ፈሳሹ የሚወርደው ወደዚያ ነው።

ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ጡት አይሰጠው፤ ቫልቩ በሌለበት ጎኑ ይተኛና ወደ አምቡላንስ 907 ይደወል።