በሦስት የካናቢስ ሕጎች መካከል ልጅ ማሳደግ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ኳስ የሚጫወትና እሑድን ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ካሉ ዘመዶቹ ጋር የሚያሳልፍ የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሦስት የካናቢስ ሕጎች ሥር ያልፋል። በሦስቱም ቦታ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ለመዝናኛ የሚሆን ካናቢስ (ማሪዋና) ክልክል ነው፤ ልጁ ግን የሕጉን ጽሑፍ አያነብም፤ የሚያነበው በየመንገዱ የተከፈተውን ሱቅና የሚሸተውን ጭስ ነው። ስለዚህ ወላጅ ሥራውን መጀመር ያለበት ከቤቱ ደጅ ነው።

በመጀመሪያ የሚኖሩበትን አካባቢ ሕግ ይለዩ

ሜሪላንድ በኅዳር 2022 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ካናቢስን ፈቅዳ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዕድሜያቸው 21 የሞላ ሰዎች እስከ 1.5 አውንስ (43 ግራም ገደማ) እንዲይዙና ፈቃድ ካላቸው ሱቆች እንዲገዙ አድርጋለች። ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ 1 አውንስ መያዝን ብትፈቅድም፣ የችርቻሮ ሽያጭን የሚፈቅዱትን ሕጎች በወቅቱ ገዥ የነበሩት ግሌን ያንግኪን በ2024 እና በ2025 ውድቅ አድርገዋቸዋል። ዲሲ ደግሞ ከሁለቱም የተለየች ናት፤ ነዋሪው በ2014 ድምፅ ሰጥቶ እስከ 2 አውንስ መያዝንና እስከ 1 አውንስ በስጦታ መስጠትን ሲፈቅድ፣ ኮንግረስ በበጀት ሕግ ባስገባው ክልከላ ምክንያት ከተማዋ ለመዝናኛ የሚሆን ሽያጭን በሕግ ማደራጀት አልቻለችም። በዚህ ክፍተት ተለጣፊ ምስል ወይም ሥዕል ሸጠው ካናቢሱን «በስጦታ» የሚሰጡ ሱቆች ተስፋፉ፤ ከተማዋም ወደ ሕክምና ካናቢስ ፈቃድ እንዲገቡ ካደረገች በኋላ ፈቃድ የሌላቸውን መዝጋት ጀመረች። የልጆቹ ግራ መጋባት የመነጨውም በአብዛኛው ከዚህ ነው፤ በግልጽ የሚታይ ሱቅ ሕገ ወጥ ሊሆን እንደሚችል ለአንድ ወጣት ማስረዳት ቀላል አይደለም። ከሜሪላንድ የተገዛውን ይዞ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ቨርጂኒያ መግባትም በፌዴራል ሕግ ወንጀል መሆኑን መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ማወቅ አለበት።

ሕጉ ሲላላ ልጆች ሁሉ ማጨስ ይጀምራሉ ብሎ መደምደም ግን ከእውነታው ጋር አይሄድም። ሽያጭ በ2014 በተጀመረባት ኮሎራዶ፣ ባለፉት 30 ቀናት ካናቢስ ተጠቅመናል ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር ለዓመታት 20 በመቶ አካባቢ ቆይቶ በ2021 ወደ 13 በመቶ ገደማ ወርዷል። በጣም የተለወጠው የዕቃው ዓይነትና ጥንካሬው ነው።

ቀጥሎ ዕቃውን በዓይንዎ ይወቁት

ብዙዎቻችን ሁሉንም በአንድ ቃል «ሐሺሽ» እንለዋለን፤ ልጁም ወላጆቹ ስለማያውቁት ነገር እንደሚያወሩ ይገባዋል። ዛሬ ካናቢስ እንደ ከረሜላ የሚበላ ጋሚ፣ እንደ ብስኩት የተጋገረ ወይም እንደ እስክሪብቶ በኪስ የሚገባ ቬፕ ሆኖ ይመጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የተያዘ ማሪዋና ውስጥ ቲኤችሲ የተባለው አስካሪ ንጥረ ነገር በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው አበባ ብዙ ጊዜ ከ15 በመቶ ይበልጣል፣ ለቬፕ የሚጨመቀው ዘይት ደግሞ ከዚያም እጅግ ያይላል። የሚበላው ዓይነት እስኪሠራ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ስለሚፈጅ፣ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚደግም ልጅ ድንገተኛ ክፍል ሊደርስ ይችላል።

በቤት ውስጥ የሚጠቀም አዋቂ ካለ (አጎትም ይሁን ተከራይ) ዕቃው የሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ካናቢስ ያለበት ምግብ መብላታቸውን የሚገልጹ፣ ለአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት የደረሱ ጥሪዎች በ2017 ከነበሩበት 207 በ2021 ወደ 3,054 አሻቅበዋል። የማዕከላቱ ስልክ 1-800-222-1222 ሲሆን ቀንና ሌሊት ይሠራል። ልጁ መተንፈስ ከተቸገረ ወይም አልነቃ ካለ ግን በቀጥታ ወደ 911 ይደውሉ።

ከዚያ ይነጋገሩ

ንግግሩን በክስ አይጀምሩ። መኪና ውስጥ ሆነው «ልጄ፣ እዚያ ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ምን ይሸጣል?» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ሰዓት ተግሣጽ የበለጠ ያስወራል። «ያሳብዳል» ብቻ ማለትም አይጠቅምም፤ አጭሶ ያላበደ ጓደኛ ያለው ልጅ ቀሪውን ንግግርዎን አይሰማም። እውነቱን ልክ እንደሆነው ይንገሩት፦ አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ እያደገ ይቆያል፤ አዘውትሮ መጠቀም ትኩረትንና ማስታወስን ያዳክማል፤ ቀድሞ የጀመረ ሰው የሱሰኝነት ዕድሉ ይጨምራል፤ በተለይ ጠንካራውን ዓይነት ማዘውተር ከእውነታ ለሚነጥል የአእምሮ ሕመም ያጋልጣል።

የመጨረሻው ነጥብ እኛን በተለየ ይመለከተናል። የአእምሮ ሕመም በቤተሰባችን ውስጥ የሚደበቅ ነገር ነው፤ ልጁ አገር ቤት ያለ አጎቱ ወይም አያቱ ለምን እንደታመሙ ሳይሰማ ያድጋል። በዘር ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ልጅ አደጋው ከሌሎቹ ስለሚበልጥ፣ ይህን ምስጢር ለልጁ መንገር ነውር ሊሆን አይገባም። እንዲያውም ከሕጉ ዝርዝር ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ መረጃ ይመስለኛል።

የመኖሪያ ወረቀትን ጉዳይ አይርሱ

ዜግነት ላላገኘ ልጅ ክልሉ መፍቀዱ ዋስትና አይሆንም፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚታየው በፌዴራል ሕግ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በክልል ሕግ የተፈቀደ የካናቢስ ተግባር እንኳ ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ እንደሚችል፣ በካናቢስ ንግድ ውስጥ መቀጠርም ሊጨምር እንደሚችል ገልጿል። ስለዚህ ፈቃድ ባለው ሱቅ ለመሥራት የሚያስብ ግሪን ካርድ ያዥ ወላጅም ሆነ 21 የሞላት ልጅ ቀድመው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። ክስ ካለ ደግሞ ጥፋተኝነትን ከማመን በፊት ምክር ማግኘት ግድ ነው። በመንግሥት ድጎማ ቤት የሚኖር ቤተሰብም የኪራይ ውሉን ይመልከት፤ በቤቱ ውስጥ የሚጠቀም አንድ ሰው መላውን ቤተሰብ ከቤት ሊያስወጣ ይችላል። ለክረምት ወደ ኢትዮጵያ ስትሄዱም የልጁን ሻንጣ አብራችሁ አዘጋጁ፤ እዚያ ዕፁ ያለ ልዩነት ወንጀል ነው።

ልጁ ተጠቅሞ ከተገኘ

በስካር ላይ እያለ አይጠይቁት፤ ከነጋ በኋላ ከየት እንዳገኘው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው፣ ምን ሊረሳበት እንደፈለገ ረጋ ብለው ይጠይቁት። ለጭንቀት ወይም ለእንቅልፍ ብሎ የሚጠቀም ከሆነ የሚታከመው ጭንቀቱም ነውና ወደ ሕፃናት ሐኪሙ ይውሰዱት። ከትምህርት ቤት የቅጣት ደብዳቤ ከመጣ ልጁ ራሱ እንዲያስተረጉም አይፍቀዱ፤ ስለ ራሱ ጥፋት የተጻፈውን ተርጓሚው ራሱ ሲሆን የሚቀረው መገመት አያዳግትም። በፌዴራል የዜጎች መብት ሕግ መሠረት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ ስላለባቸው የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ሱቁ ጎረቤትዎ ሊከፈት ከሆነ

በሜሪላንድ ሱቅ በመሠረቱ ከትምህርት ቤት፣ ከመጫወቻ ስፍራና ከቤተ መጻሕፍት 500 ጫማ (150 ሜትር ገደማ) መራቅ አለበት። በዲሲ ለፈቃድ የሚያመለክት ሱቅ ማስታወቂያ ለጥፎ ነዋሪው ተቃውሞ እንዲያቀርብ ጊዜ ይሰጠዋል፤ የሠፈር አማካሪ ኮሚሽኖችም አስተያየት ይሰጣሉ። የከተማዋ የ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ስለሚያገለግል፣ ለአልኮልና ለካናቢስ አስተዳደር ደውሎ በአማርኛ ማናገር ይቻላል። ከእኛው ወገን የነዳጅ ማደያና የማዕዘን ሱቅ ያላችሁም ብዙ ናችሁ፤ ከሄምፕ (ከካናቢስ ተክል ዝርያ) የተሠሩ አስካሪ ጋሚዎችን ከመደርደሪያው ላይ ለማንሳት ደግሞ የማንም ስብሰባ አያስፈልግም።