የጨው ፓኬት ስትከፍቱ ቀን ጻፉበት

እማዬ ደም ግፊት እንዳለባት የተነገረን አምና ነው። ሐኪሙ «እማማ፣ በቀን ምን ያህል ጨው ይበላሉ?» አላት። «ኧረ እኔ ጨው አላበዛም» ብላ መለሰችለት። አራት ኪሎ ቤታችን እስክንደርስ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ወጡን የምሠራው እኔ ነኝ። ስንት እንደምጨምር ግን አላውቅም፤ በጣቴ ቆንጥሬ ጣል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ሳይከመር አንድ የሻይ ማንኪያ እንደማለት ነው። ያውም ወጡም ዳቦውም ተደምሮ።

እኔ ከፓኬቱ ጀመርኩ። ቤት ውስጥ 4 አዋቂዎች ነን። በቀን 20 ግራም ብንጠቀም አንድ ኪሎ ጨው 50 ቀን መቆየት አለበት። የከፈትኩበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፍኩበት። በ31ኛው ቀን አለቀ። በሰው 8 ግራም ገደማ ማለት ነው። እናንተም የቤታችሁን ሰው ቆጥራችሁ ሞክሩት። ልጆች ካሉ ድርሻቸው ከአዋቂ ያነሰ ነው።

ፓኬቱ የማይነግራችሁ ጨው ደግሞ አለ። በርበሬ ስናስፈጭ እማዬ ለ5 ኪሎ ግማሽ ኪሎ ጨው ታስገባ ነበር። ስለዚህ 100 ግራም በርበሬ የገባበት ድስት፣ እኔ ገና ጨው ሳልነካ፣ ወደ 9 ግራም ጨው ይዟል። በዚያ ላይ ሌላ እጨምርበት ነበር! ዘንድሮ በርበሬውንም ሽሮውንም ያለ ጨው አስፈጨን። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ጨው እንዳለበት ጠይቁ፣ ዱቄቱንም በምላሳችሁ ንኩት። የሾርባ ኩብ ከተጨመረ ሌላ ጨው አያስፈልግም፤ እሱ ራሱ አብዛኛው ጨው ነው።

ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ። ሽሮ ሲንተከተክ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። ገና ቀጭን ሳለ ቀምሳችሁ «ልክ ነው» ያላችሁት፣ ሲወፍር ጨው ጨው ይላል። ጨው ውስጥ ያለው አዮዲንም ሙቀት ስለማይወድ መጨረሻ ላይ ማድረጉ ይሻላል። የጨው ዕቃውንም ክደኑት።

በጣት መቆንጠር ትቻለሁ። ጨው ዕቃው ውስጥ አንዲት የሻይ ማንኪያ አለች፣ ከሷ ሌላ አይገባም። አንድ ማንኪያ ባስገባሁ ቁጥር ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር አንድ መስመር አሰምራለሁ። ማታ መስመሮቹን እቆጥራለሁ። ይኸው ነው።

መጀመሪያ ላይ እማዬ «ይሄ ወጥ ውሃ ውሃ ይላል ልጄ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ቀንሼ ነበር። ቀስ ብላችሁ ቀንሱ፤ ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል። ነጭ ሽንኩርቱን በዛ አድርጉ፣ ለምስር ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ ኮረሪማ አትንፈጉት።

አሁን የያዝነው ፓኬት ላይ «ጥቅምት 3» ይላል። የጻፈችው እማዬ ናት። ዛሬ ኅዳር 25 ነው፣ ሩቡ ገና አለ።