ክላስ እንዴት ይሰራል? በእቁብ እንየው

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመረ ሰው ክላስ (ዳታንና ስራውን አንድ ላይ የሚይዝ ንድፍ) ላይ ሲደርስ የሚንገዳገደው አጻጻፉ ከብዶት አይደለም፣ እሱማ አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ ግራ የሚያጋባው የቱ ዳታ የማን ነው የሚለው ነው። ሁላችንም በምናውቀው በእቁብ እንስራው።

መጀመሪያ ላፕቶፑን ዝጉና እቁቡን ምንም ለማያውቅ ሰው እንደምትነግሩት ወረቀት ላይ ጻፉት፦ አስር ሰው በየሳምንቱ 500 ብር ይጥላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የወጣለት ዋስ ጠርቶ 5000 ብር ይወስዳል፣ አንዴ የበላ ድጋሚ ዕጣ ውስጥ አይገባም። ከዚህ ውስጥ ክላስ የሚሆኑት እቁብና አባል ብቻ ናቸው። 500 ብሩ የእቁቡ ዳታ ነው፣ ዕጣ ማውጣት ደግሞ ስራ ስለሆነ ሜተድ ይሆናል። ለብርም ለሳምንትም ለዕጣም ክላስ የሚሰራ አለ፣ እኔም ሰርቼ አውቃለሁ፣ ተዉት። በነገራችን ላይ ፓይተን 3 ላይ የክላሱን ስም በራሳችን ፊደል እቁብ ብትሉት ይሰራል።

ቀጥሎ ኢኒት (__init__)፣ ከክላሱ አንድ ኦብጀክት፣ ማለትም አንድ የተወሰነ እቁብ፣ ሲፈጠር በራሱ የሚሰራው ሜተድ። እቁቡ ሲፈጠር የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ተቀበሉ፣ ስምና መዋጮ፣ መዋጮው ዜሮ ወይም ኔጋቲቭ ከሆነ እዛው ኤረር ይስጥ። ብሩን በፍሎት (በነጥብ ቁጥር) አትያዙ፣ 0.1 ሲደመር 0.2 ብትሉት 0.30000000000000004 ነው የሚላችሁ፣ በሳንቲም አድርጋችሁ በሙሉ ቁጥር ያዙት።

አሁን እኔን ሌሊቱን ሙሉ የፈጀብኝ ነገር። የአባላቱን ሊስት (ዝርዝር) ኢኒት ውስጥ ሳይሆን በቀጥታ ከክላሱ ስም ስር ጻፍኩት። የሰፈር እቁብና የመስሪያ ቤት እቁብ ብዬ ሁለት ኦብጀክት ፈጠርኩ፣ አልማዝን ሰፈሩ ላይ ጨመርኳት፣ የመስሪያ ቤቱን ፕሪንት ሳደርግ አልማዝ እዛም ቁጭ ብላለች! ለካ ክላሱ ስር የተጻፈ ሊስት የክላሱ ነው፣ ከሱ የተፈጠሩት ሁሉ ያንኑ አንዱን ነው የሚጋሩት። ኢኒት ውስጥ ሰልፍ ነጥብ አባላት ብላችሁ (የዳቦ ሰልፍ አይደለም፣ self ነው፣ ኦብጀክቱ ራሱ ማለት) ባዶ ሊስት ስጡት፣ ያኔ እያንዳንዱ እቁብ የራሱን ይይዛል። ባዶ ሊስትን የኢኒት ዲፎልት (ምንም ካልተሰጠው የሚይዘው) ማድረግም ያው ጣጣ ነው።

ዕጣ የሚያወጣው ሜተድ ራሱ የበሉትን ያስቀር፣ ዋስ የሌለውን አይክፈል፣ የወጣለትን ይመዝግብ፣ ይሄን ሁሉ ለሚጠራው ሰው ከተዋችሁት አንድ ቀን አንዱ ሁለቴ ይበላል። ሁሉም በልቶ ካለቀ ከሊስት አንዱን በዕጣ የሚመርጠው ራንደም ቾይስ (random.choice) ባዶ ሊስት አይወድም፣ ኤረር ነው የሚያመጣው፣ ቀድማችሁ ቼክ አድርጉ። የበሉት ሊስት ስም በአንደርስኮር ይጀምር፣ ፓይተን ባይከለክልም ሌላው ፕሮግራመር አትንካ ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ዳኛውስ? ዳኛም አባል ነው ብላችሁ ከአባል ኢንሄሪት የሚያደርግ (የአባልን ነገር ሁሉ የሚወርስ) ክላስ ለመስራት አትቸኩሉ፣ በሚቀጥለው ዙር ዳኛው ይቀየራል፣ ኦብጀክቱን ልታፈርሱት ነው? እቁቡ ዳኛ የሚል ቦታ ይኑረውና ከአባላቱ አንዱን ያዙበት፣ ሲቀየር እዛ ላይ መቀየር ነው።

ስትሞክሩት ሁለት እቁብ ፍጠሩ፣ በአንድ ብቻ ከሞከራችሁ የአልማዝ ነገር አይታይም።