«ወተት ከደም ተጣርቶ ይወጣል» እና ሌሎች መታረም ያለባቸው ስህተቶች

የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ሳርም ዓመታት ተቆጥረዋል። «የግት ሴል የወተት ፕሮቲንና ቅባት እንዴት ያመነጫል?» ብዬ በየዓመቱ እጠይቃለሁ። ስህተቱም በየዓመቱ ያው ነው። ዘንድሮ አላስቻለኝም፤ ልጻፈው አልኩ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ «ወተት ከደም ተጣርቶ ይወጣል» የሚለው ነው። አይጣራም! የሚያጣራው ኩላሊት ነው። ግት ይሠራል። ደሙን የፈለጋችሁትን ያህል ብታጣሩት ኬዚን የሚባለውን ዋናውን የወተት ፕሮቲን አታገኙም፤ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳርም አታገኙም። ደም ይዞ የሚመጣው ጥሬ ዕቃውን ነው፦ አሚኖ አሲድ፣ ግሉኮስ፣ የቅባት አሲድ፣ ማዕድን። ለአንድ ሊትር ወተት ከ400 እስከ 500 ሊትር ደም በግቱ ውስጥ ያልፋል። ይህን ጥሬ ዕቃ ተቀብሎ ወተት የሚያደርገው በየአልቪዮለሱ (ወተት በሚሠራበት ጥቃቅን ከረጢት) ግድግዳ ላይ የተደረደረ አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሥራ «ማጣራት» ማለት ዱቄቱ ስለተነፋ እንጀራው ተጋገረ እንደማለት ነው። እርግጥ ከደም እንዳሉ የሚያልፉ ነገሮች አሉ። እንገር ውስጥ ያሉት አንቲቦዲዎች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በላም እነሱንም ቢሆን ሴሉ ራሱ ተቀብሎ ነው የሚያሻግራቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው «ፕሮቲኑም ቅባቱም በአንድ መንገድ ይወጣሉ» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ተማሪ መቆጣት አልችልም፤ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት እኔም ክፍል ውስጥ እንዲሁ ብያለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ አረምኩት።

ፕሮቲኑ ሪቦዞም በሚባለው የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ ላይ ይሠራል፣ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ወደሚባለው የሴሉ የውስጥ ሽፋን መረብ ይገባል፣ ከዚያ ጎልጂ ወደሚባለው ማሰናጃና ማሸጊያ ክፍል ይደርሳል። ጎልጂ ውስጥ ኬዚን ፎስፌት ይጨመርበታል፣ ካልሲየም ይይዝና ሚሴል የሚባል ጥቃቅን ድቡልቡል ይሆናል። ላክቶስም እዚያው ይሠራል፤ ውሃ የሚስበው እሱ ነው። የወተቱ መጠን በአብዛኛው በላክቶስ የሚወሰነው ለዚህ ነው። ሁሉም ቬሲክል በሚባል ትንሽ ከረጢት ውስጥ ታሽገው ወደ ሴሉ አናት ይሄዳሉ። እዚያ የቬሲክሉ ሽፋን ከሴሉ ሽፋን ጋር ይዋሃዳል፣ ይከፈታል፣ ይዘቱ ወደ ውጭ ይፈሳል። ሽፋኑ ሴሉ ላይ ይቀራል።

ቅባቱ በጎልጂ በኩል አያልፍም። ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ላይ ይሠራና ጠብታ ሆኖ ሴሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ትናንሾቹ እየተጋጠሙ ያድጋሉ። አናቱ ላይ ሲደርስ ጠብታው ሽፋኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሽፋኑ ዙሪያውን ይጠመጠምበታል፣ አንገቱ ይቀጥናል፣ በመጨረሻ ይበጠሳል። ባርግማንና ክኖፕ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 ይህን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይተዋል። እንዲህ ዓይነቱን ምስል ሳሳያቸው ነው ብዙ ተማሪዎች የሚገባቸው፤ ጠብታው ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ቅባት ከሴሉ ሽፋን ቆርሶ ይሄዳል፤ ቬሲክሎቹ ደግሞ የጎደለውን ይሞላሉ። ሁለቱ መንገዶች ይደጋገፋሉ።

ይህ ልዩነት እናቶቻችን እርጎ ሲንጡ በዓይን ይታያል። ቅሉ ሲናጥ የቅባቱ ሽፋን ይቀደዳል፣ ቅባት ከቅባት ይጣበቃል፣ ቅቤው ይወጣል። ኬዚኑ አሬራው ውስጥ ይቀራል። አሬራውን እሳት ላይ ስትጥዱት አይብ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

«ቅባት ሲወጣ የሴሉ አናት ተቆርጦ ይወድቃል» የሚለው የድሮ መጽሐፍ ቅሪት ነው። አልፎ አልፎ ትንሽ ሳይቶፕላዝም (የሴሉ የውስጥ ይዘት) አብሮ ይወጣል እንጂ ሴሉ ሥራውን ይቀጥላል።

ፕሮላክቲንና ኦክሲቶሲን የሚባሉትን ሁለት ሆርሞኖች ማደባለቅ ግን ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ገበሬ ይጎዳል። ፕሮላክቲን ሴሉ ወተት እንዲሠራ ከሚያዙት ሆርሞኖች አንዱ ነው። ኦክሲቶሲን የተሠራውን ያስወርዳል፤ አልቪዮለሱን ያቀፉትን ጡንቻ መሰል ሴሎች ያኮማትራል። አንድ እርባታ ቦታ «ይህች ላም ነጥፋለች፣ ልትሸጥ ነው» አሉኝ። አላቢው ሲመታት አይቼ ነበር። የተደናገጠች ላም አድሬናሊን ታመነጫለች፣ ወተቷንም ትይዛለች። አላቢው ዞር እንዲል፣ ጥጃዋ እንዲቀርብ አደረግን። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም፣ ጡቷ ተወጠረ። ሴሎቹ ሥራቸውን ሠርተው ነበር፤ ወተቱ ግን መውረጃ አላገኘም። እንዲህ ሳይታለብ የሚከርም ወተት ደግሞ ሴሎቹን ሥራ እንዲቀንሱ ያደርጋል። ስለዚህ አሟጣችሁ እለቡ። የመጨረሻው ወተት ቅባቱም የበዛ ነው።

ሌላው፣ «ቅባት እንዲጨምር እህል አብዙ» የሚለው ምክር ነው። የላም ወተት ቅባት ግማሽ ያህሉ እዚያው ሴሉ ውስጥ ይሠራል፤ ዋናው ጥሬ ዕቃ ጨጓራዋ ውስጥ ድርቆሽና ገለባ ሲብላላ የሚገኘው አሴቴት ነው። ድርቆሹን ቀንሳችሁ እህል ብታበዙ ቅባቱ ይወርዳል።

ስለ ሴት ወተት ስትጠየቁ ደግሞ የላሙን መልስ አትገልብጡ፤ የላም ወተት ቤታ ላክቶግሎቡሊን የሚባል ፕሮቲን አለው፣ የእናት ወተት የለውም።