ዋጋው ቀለል ያለ የስቴንለስ ድስት ሴት፦ አመራረጡ፣ አጠቃቀሙና አያያዙ

ጅማ ውስጥ አዲስ ቤት የሚያደራጅ ሰው ወይም ልጇን የምትድር እናት ለዕቃ ስትወጣ ዓይኗ ቀድሞ የሚያርፈው የሚያብለጨልጨው የስቴንለስ ድስት ሴት ላይ ነው። በጅማው መርካቶ፣ በተለይ በሐሙስ ገበያ፣ ትንሹ በትልቁ ላይ ተደራርቦ ደጃፍ ላይ ይደረደራል። ተገዝቶ ብዙም ሳይቆይ ግን "ይሄ ድስት ያሳርራል" የሚል ስሞታ ይመጣል፤ ድስቱም እንግዳ ሲኖር ብቻ የሚወርድ የቡፌ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁሌም ይቆጨኛል። አሉሚኒየም ድስት የለመደ እጅ እሳት ያበዛል፤ ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ርካሽ ስቴንለስ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ዝቅ ያለ እሳት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ ስቴንለስን ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። እሳቱ ከመሃል ቢሆንም ሙቀቱ ወዲያው ወደ ጎን ይሰራጫል። ስቴንለስ ግን ሙቀቱን የነካው ቦታ ላይ ይዞ ይቀመጣል። ፋብሪካዎች ይህን ለማስተካከል ከድስቱ ሥር የአሉሚኒየም ክብ ይደርቡና በላዩ ስቴንለስ ያለብሱታል። ውድ በሆኑት ድስቶች አሉሚኒየሙ እስከ አፉ ድረስ ይወጣል፤ በርካሾቹ ከሥር ብቻ ነው፣ ጎኑ ስስ ብረት ነው። ይህን ካወቃችሁ ድስቱን ግማሽ ያህል ተለማምዳችሁታል።

1. ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት

ከሥሩ የተደረበው ክብ በግልጽ መታየት አለበት፤ ወርዱም ከድስቱ ወርድ ጋር የተቀራረበ ይሁን። ክቡ ጠበብ ካለ በእሱና በጎኑ መካከል ያለው ቀለበት ሁልጊዜ የሚያርርበት ቦታ ይሆናል። ከዚያ ድስቱን የሱቁ መስታወት ላይ አስቀምጡትና በጣታችሁ ጫፉን ጫን ጫን አድርጉ። ከተወዛወዘ ተዉት፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እኩል አይሞቅም።

እጀታውን ያዙና ወዘወዝ አድርጉት። ማርቃ ወይም ገንፎ የሚያገነፋ ቤት ለዚህ ነገር መጨነቅ አለበት፤ ገንፎ ሲማሰል ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው እጀታው ላይ ነው፣ በነጥብ ብየዳ ብቻ የተያዘ ከሆነ ይነቀላል። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ የፕላስቲክ እጀታ ያለውን አትግዙ።

"12 ፍሬ" ሲባል ክዳኑም እንደሚቆጠር አትርሱ። በእኔ እምነት ስስ ከሆነ 12 ፍሬ ይልቅ ሥሩ የከበደ ሦስት ድስት ይሻላል። ማግኔት የሚያወጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ ፈተናው ብዙ እንደማይነግራችሁ እወቁ። 18/10 የሚባለው፣ ማለትም 18 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ኒኬል ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ማግኔት አይስበውም፤ ግን በኒኬሉ ፈንታ ማንጋኒዝ የበዛበት ርካሹም እንዲሁ አይስበውም። ማግኔት የሚጠቅመው ኢንዳክሽን ምድጃ ላላችሁ ነው፤ ሥሩን አጥብቆ ካልያዘው ምድጃው አያሞቀውም።

2. የመጀመሪያው እጥበት

አዲስ ድስት ከፋብሪካ የተወለወለበት ቅባት ይቀርበታል። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ትንሽ ዘይት አድርጋችሁ ውስጡን እሹት፤ ጨርቁ ጥቁር ይዞ ይወጣል። እስኪጠራ ድረስ ድገሙት፣ ከዚያ በሙቅ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። በመጨረሻ ትንሽ አቼቶ የተጨመረበት ውኃ አፍሉበትና ድፉት።

3. ቁሌት፦ ድስቱ የሚፈተንበት ቦታ

ያለ ዘይት ሽንኩርት ማቁላላት ለስስ ስቴንለስ ከባዱ ሥራ ነው። ይህ ከተሳካላችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉ። ድስቱን ከመካከለኛ ባነሰ እሳት ላይ ጥቂት አሙቁና ሽንኩርቱን ከቁንጥር ጨው ጋር ጨምሩ፤ ጨው ውኃውን ያወጣዋል። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ክደኑት። ሽንኩርቱ በራሱ ላብ ይለሰልሳል፣ እናንተም ቆማችሁ ከማማሰል ታርፋላችሁ። ከዚያ ክፈቱና አማስሉ።

ውኃው ሲደርቅ ከድስቱ ሥር ቡናማ ነገር መያዝ ይጀምራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ወይ ዘይት ይለቅበታል ወይ ድስት ይቀይራል። አትደንግጡ፤ የወጡ ጣዕም እዚያ ነው ያለው። ሩብ ሲኒ ሙቅ ውኃ ጠብ አድርጉና ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ የእንጨት ማማሰያ ሥሩን ግፉ። ቡናማው ተላቆ ወደ ሽንኩርቱ ይገባል፤ ሽንኩርቱ ቀለም ያወጣል፣ ጣፋጭነቱም ይጨምራል። ሲይዝ ውኃ ጠብ፣ ሲይዝ ውኃ ጠብ፤ እንዲህ እያደረጋችሁ የምትፈልጉት ቀለም ድረስ አድርሱት። የያዘው ከጠቆረና ሽታው ከመረረ ግን ሥሩን ሳትነኩ ሽንኩርቱን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ።

በርበሬ ከመጨመራችሁ በፊት እሳቱን ቀንሱ፣ ትንሽ ውኃም ቀድሞ ይግባ። ሥሩ ያለው ክብ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ እሳቱን ብታጠፉም ድስቱ ወዲያው አይበርድም፤ በርበሬ ደግሞ ለማረር ጊዜ አይፈጅበትም። ወጡ ሲንተከተክ ጎኑ ላይ የተረጨውን እየጠረጋችሁ ወደ ታች መልሱት። ስሱ ጎን ላይ የደረቀ በርበሬ አርሮ ወጡን ሁሉ የማረር ሽታ ያሲዘዋል።

4. ባቄላና ሥጋ ሲቀቀል

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ጥራጥሬና ሥጋ ለመብሰል ይዘገያሉ፣ ሰውም ቸኩሎ እሳት ይጨምራል። አንዴ የፈላ ውኃ ግን ድስቱ ክፍት እስከሆነ ወይም በተራ ክዳን እስከተከደነ ድረስ እሳት ቢጨመርበት ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ትርፉ ውኃውን ማድረቅና ሥሩን ማሳረር ነው። ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ክደኑና ጊዜ ስጡት። ባቄላውን ከማታው መዘፍዘፍ ደግሞ ከሰልም ጊዜም ያተርፋል።

ጨው ውኃው ከፈላ በኋላ ጨምሩ። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨው ከሥር ተኝቶ ሲቆይ ብረቱን በትናንሽ ነጥቦች ይቦረቡራል፤ የተቦረቦረ አይመለስም።

5. እንቁላልና ጥብስ

ባዶውን መጥበሻ አሙቁና አንድ ጠብታ ውኃ ጣሉበት። ቺስ ብላ ከጠፋች ገና ነው። ድቡልቡል ሆና ከተንከባለለች ደርሷል፤ ከሥሯ የተፈጠረው እንፋሎት ብረቱን እንዳትነካ አንስቷታል ማለት ነው። አሁን እሳቱን ቀንሱ፣ ዘይት ጨምሩ፣ ከዚያ እንቁላሉን። ጥብስ ላይ ሥጋው ቢጣበቅ በግድ አታላቁት፤ ሲጠበስለት ራሱ ይለቃል። መጥበሻውን ከሞላችሁት ግን ውኃ አውጥቶ ይቀቀላል።

6. ከሰልና መብራት

መብራት ሲሄድ ድስቱ ወደ ከሰል መዞሩ አይቀርም። ፍሙ ከድስቱ ሥር ወርድ አይለፍ፤ ጎኑን የሚያገኝ እሳት የሚያሳርር እንጂ የሚያበስል አይደለም። በእንጨት የምታበስሉ ከሆነ ውጪውን አስቀድማችሁ ስስ ሳሙና ቀቡት፤ ጥቀርሻው በእጥበት ይወርዳል።

ባዶ ድስት ከሰል ላይ ረስቶ መሄድ ከሁሉ የከፋ ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የጋመ ከሰል ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሥሩ ቀልጦ የሚያንጠባጥብ ድስት ካያችሁ አታንሱት፣ እዚያው እስኪበርድ ጠብቁ። በዚሁ ምክንያት ቡና በዚህ ድስት አትቁሉ። ለቡና የብረት ምጣዱ አለ፤ ስቴንለሱ ፍሬውን ያዥጎረጉረዋል፣ ራሱም ይጣመማል።

7. ማጠብ

ትኩስ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱ፤ ሥሩ ይጎብጣል። ያረረውን ውኃና አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ አፍሉት፤ ጥቂት ቆይቶ በእንጨት ማማሰያ ይነሳል። ሰማያዊና ወርቃማ የሚመስለው ዥንጉርጉር የሙቀት ምልክት ነው፣ ከውኃ የሚቀረው ነጭ ደግሞ ኖራ ነው፤ ሁለቱንም አቼቶ ወይም ሎሚ ያስለቅቃቸዋል። በረኪና አታስነኩት፤ እሱም እንደ ጨው ይቦረቡራል። የብረት ሽቦ መፋቂያ ብናኙ ድስቱ ላይ ቀርቶ ይዝጋል፣ ሰውም ድስቱ የዛገ ይመስለዋል።

ትንሽ ጭረት አያስፈራችሁ። ብረቱ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ከአየር ጋር ሲገናኝ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሲጫር ራሱ ይተካዋል። ቴፍሎን ይህ የለውም። በጅማ ክረምት ግን አድርቃችሁ አስቀምጡት፤ ከነውኃው ተደራርቦ የሚያድር ዕቃ ነጠብጣብ ያወጣል። የተረፈ ወጥም፣ በተለይ ቲማቲም ያለበት፣ በድስቱ አይደር።

እጀታው በብሎን የሚታሰር ከሆነ አልፎ አልፎ በካቻቪት አጥብቁት። ብየዳው ከተነቀለ ተራ ብየዳ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት አስቡበት፤ ስስ ብረት ላይ የኤሌክትሪክ ብየዳ በቀላሉ ቀዳዳ ያወጣል። አንድ እጀታ ብቻ በቀረው ድስት ትኩስ ነገር ማንሳት አያዋጣም፤ ሽሮና ምስር ማስቀመጫ አድርጉት።