ለማኅበር የሚላክ ኢሜይል ሳይጠፋና ሳይዝረከረክ እንዲነበብ እንዴት ይስተካከላል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጠበብ ያለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ስካን አደርጋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። በዚያ ላይ የሰፈራችን ተወላጆች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። የተመረጥኩት «ኮምፒውተር ያላት እሷ ናት» ተብሎ ነው፣ ሌላ ችሎታ ታይቶብኝ አይደለም። አባሎቻችን ደሴም ኮምቦልቻም፣ አዲስ አበባም ጅዳም ዋሽንግተንም አሉ። ወሬውና ሰላምታው በቴሌግራም ያልቃል። የጉባኤ ጥሪና የሒሳብ ሪፖርት ግን በኢሜይል ነው የሚሄደው።

የመጀመሪያውን ጥሪ የላክሁ ጊዜ አሳምሬ ልላክ አልኩ። ቀኑን በአረንጓዴ፣ ቦታውን በቢጫ፣ ሰዓቱን በቀይ ጻፍኩት፤ ባንዲራ መሆኑ ነው። ቀኑም ሰዓቱም ለሁሉም ደረሰ። ቦታውን ግን ያየ ሰው የለም። ነጭ ላይ ቢጫ ማን ያያል? እኔማ የጻፍኩት ስለሆንኩ ታየኝ። እኔ መናፈሻ ሰፈር ቡና አስፈልቼ ስጠብቅ፣ ግማሹ አባል አምና የተሰበሰብንበት ቧንቧ ውሃ ሰፈር በር ላይ ቆሞ የደሴ ብርድ ይጠብሰዋል። እስከ ዛሬ ድረስ «ቢጫዋ ጸሐፊ» ይሉኛል።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን እነሆ። ኮምፒውተር ላይ በጂሜይል እንደምትልኩ አድርጌ ነው የማስረዳው። በሌላውም አሠራሩ ብዙ አይራራቅም።

1. ጽሑፉ በምን ፊደል እንደተጻፈ እወቁ

ሊቀመንበሩ በፍላሽ ያመጡላችሁ ደብዳቤ በድሮው ፓወር ግእዝ ወይም ቪዥዋል ግእዝ የተጻፈ ከሆነ፣ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። በእነዚያ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ከውስጥ ሲታይ አማርኛ አይደለም። የላቲን ፊደል ሆኖ የአማርኛ ካባ የደረበ ነው። ካባው ፎንቱ ነው። ፎንቱ የሌለው ሰው ጋ ሲደርስ ካባው ይወልቅና የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ይቀራል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደላት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቁጥር የተመዘገቡበት ሥርዓት ነው) የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ሱቄ ውስጥ ግን ዛሬም በድሮው ፎንት የተጻፈ ፋይል ይመጣል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ዎርድ ላይ ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን ኤሪያል አድርጉት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው፣ እለፉ። ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ከተለወጠ የድሮው ነው። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ። እኔ ከሁለት ገጽ በታች ከሆነ እንደገና መጻፍ ይቀለኛል። መቀየሪያው አንዳንድ ፊደል ስለሚያስት፣ ስሕተት ስለቅም ከምውል ጽፌው እገላገላለሁ።

2. ቀለሙን አራግፉት

ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

አንድ ማታ ጅዳ ያሉ አንድ ጋሼ ደወሉ። «አንቺ ልጅ፣ ባዶ ወረቀት ነው እንዴ የላክሽልኝ?» አሉኝ። የሒሳቡን ሪፖርት ነበር የላክሁላቸው። እኔ ጋ ስከፍተው ጥርት ብሎ ይታያል። ኢንተርኔቱ ነው አልኩ። ደግሜ ላክሁ። አሁንም ባዶ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ባዶው ቦታ ላይ ጣትዎን ጫን አድርገው ይያዙና ሁሉንም ምረጥ የሚለውን ይንኩት እስቲ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ውይ! ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲገለጥ እኮ ነው የሚመስለው፤ ለካ እዚሁ ኖሯል!»

ስልካቸው ዳርክ ሞድ፣ ማለትም ገጹን ጥቁር የሚያደርገው ምርጫ ላይ ነበር። የሆነው እንዲህ ነው። ከዎርድ ወይም ከድረ ገጽ ኮፒ ስናደርግ ፊደሉ ብቻውን አይመጣም። ቀለሙን፣ መጠኑን፣ የፎንቱን ስም፣ አንዳንዴም ከጀርባው ያለውን ነጭ ቀለም አዝሎ ይመጣል። እኛ ነጭ ገጽ ላይ ስለምናየው ጤነኛ ይመስለናል። ዳርክ ሞድ የሚጠቀመው ሰው ጋ ሲደርስ ግን ገጹ ጥቁር ነው። ፊደሉ «ጥቁር ሁን» የሚል ትእዛዝ ታቅፎ ከሄደ ጥቁር በጥቁር ይሆናል። የተገላቢጦሹም አለ። ጽሑፉ ነጭ ጀርባ ይዞ ሄዶ፣ መተግበሪያው ደግሞ ፊደሉን ብቻ ወደ ነጭ ከቀየረው ነጭ በነጭ ይሆናል። አንዳንዱ መተግበሪያ ሁሉንም ቀለም ይገለብጣል፣ አንዳንዱ በከፊል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይነካም። የትኛው ሰው በየትኛው እንደሚከፍተው ደግሞ እናንተ አታውቁም።

እኔ ያን ጊዜ ምን አደረግሁ? ጽሑፉን ሁሉ መርጬ ከቀለም ሳጥኑ ውስጥ ጥቁር ሰጠሁት። ብልጥ መሆኔ ነበር። ይባስ ብሎ እስከዚያ ድረስ ሲነበብ የነበረው ርእስ ሁሉ ጠፋ። ጥቁር ቀለም መስጠትና ቀለም አለመስጠት ለካ ለየቅል ናቸው። ጥቁር ከሰጣችሁት ትእዛዝ ነው፣ ይዞት ይሄዳል። ምንም ካልሰጣችሁት የተቀባዩ ስልክ ራሱ ይመርጥለታል፤ ነጭ ገጽ ላይ ጥቁር፣ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ። ይህን ለመረዳት ሁለት ጉባኤ ፈጅቶብኛል።

ስለዚህ ስትለጥፉ በተለመደው ኮንትሮልና ቪ አትለጥፉ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቪን አንድ ላይ ተጫኑ። ፊደሉ ብቻ ይገባል፣ የታዘለው ሁሉ ውጭ ይቀራል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ለመለጠፍ ጣታችሁን ስትይዙ «ፔስት አስ ፕሌይን ቴክስት» የሚል ምርጫ ይመጣል፤ እሱን ንኩ። አስቀድማችሁ ለጥፋችሁ ከሆነ ሁሉንም መርጣችሁ ከታች ከመሣሪያዎቹ መሐል የተሰረዘችውን የቲ ፊደል ምልክት ንኩ። እሷ ግን አልፎ አልፎ የጀርባውን ቀለም ትታ ታልፋለች፤ ብዙም አላምናትም።

የማምነው ኖትፓድን ነው። ከዎርድ ኮፒ፣ ኖትፓድ ላይ ፔስት፣ ከዚያ እንደገና ኮፒ አድርጎ ወደ ኢሜይሉ። ኖትፓድ ቀለም የሚባል ነገር አያውቅም፣ ስለዚህ ቀለም አያሾልክም። አንድ ነገር ብቻ፦ እዚያ ላይ ሴቭ ካደረጋችሁ ኢንኮዲንግ የሚለው ቦታ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን እዩ። የድሮው ኖትፓድ በራሱ መንገድ ካስቀመጠው አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የአንድ ደንበኛ የሦስት ገጽ አቤቱታ እንዲህ ጠፍቶብኝ በነፃ ደግሜ ጽፌያለሁ።

ጂሜይል ላይ «ፕሌይን ቴክስት ሞድ» የሚባልም አለ። መጻፊያው ሳጥን ግርጌ ካሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ ነው። ሁሉን ነገር ያራግፋል። እኔ ግን ትቸዋለሁ። መስመሩን 78 ፊደል ገደማ ላይ እየቆረጠ ስለሚልክ ስልክ ላይ አንዱ መስመር ረጅም፣ ቀጣዩ ሁለት ቃል እየሆነ ይሰባበራል።

3. የግድ ቀለም ካስፈለገ

አያስፈልግም ባይ ነኝ። ግን ሊቀመንበር ያዛል።

የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የንጣትና የጥቁረት ልዩነት እንዲኖር ይጠይቃል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። ደማቅ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ1 ነው፣ ማለትም የለም። የኔ መናፈሻ እዚያ ነው የቀረው። ሁሉ ሰው የሚወደው ደማቅ ቀይ እንኳ 4 ለ1 ገደማ ነው፤ ሳይደርስ ይቀራል። ጠቆር ያለ ቀይ ይሻላል። ግራጫን ደግሞ ተዉት። ሰኞ ባቲ ገበያ መሐል ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያይ አባል አለን፤ በእጁ ጋርዶ ነው የሚያነበው። ለሱ ግራጫ ፊደል ማለት ምንም ማለት ነው።

«በቀይ የተጻፈው መዋጮ ያልከፈለ ነው» የሚል ነገርም አትጻፉ። ቀይና አረንጓዴ የማይለይበት ሰው አለ፣ ቀለሙ መንገድ ላይም ሊለወጥ ይችላል። «ያልከፈለ» ብላችሁ ጻፉት፣ ያበቃል።

4. ማጉላት በቦልድ ብቻ

የሚጎላው ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ነው። ኢታሊክ ለኛ ፊደል አልተሠራም፣ አጋድሞ ይጥለዋል። ከሥር ማስመር ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የሣልሱ ፊደል ምልክት እግሩ ሥር ስላለ መስመሩ ይውጠዋል። «መዋጮው ቢከፈል» ብዬ አስምሬበት «መዋጮው በከፈል» ሆኖ ተነበበና አንድ እናት «ማነው በከፈል?» ብለው ጠይቀውኛል። የፊደሉን መጠን አትንኩ። የግድ ከሆነ ከፍ አድርጉት እንጂ አታሳንሱት። የአማርኛ ፊደል ሲያንስ ከ እና ኸ፣ ጸ እና ጻ ይመሳሰላሉ።

5. ፎቶና ሠንጠረዥ

ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ስካን አድርጎ ፎቶውን ብቻ መላክ የጸሐፊዎች ሁሉ በሽታ ነው። እኔም አለብኝ፣ ማኅተሙ ደስ ይላል። ግን ፎቶ ላይ ያለ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቀላሉ ኮፒ አይደረግም። ሰው በእጁ ሲገለብጥ አንድ አሃዝ ይስታል። ስካኑን አያይዙት፣ ፍሬ ነገሩን ግን ኢሜይሉ ውስጥ በፊደል ጻፉት። የኤክሴል ሠንጠረዥም እንዲሁ፤ ስልክ ላይ ይገነጣጠላል፣ በአባሪ ይሂድ። ከዎርድ የሚመጣው ድብቅ ኮተት ደግሞ ኢሜይሉን ያወፍረዋል። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት በላይ የሆነውን ይቆርጠውና ቀሪውን ለማየት ሌላ ቁልፍ ተጫኑ ይላል። ማን ይጫናል?

6. ለራሳችሁ ላኩ

አድራሻዎቹን ቢሲሲ ውስጥ (ተቀባዮቹ የሌላውን አድራሻ እንዳያዩ የሚያደርገው ሳጥን ነው) ማስገባት ታውቁታላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ለራሳችሁ ብቻ ላኩና ስልካችሁ ላይ ክፈቱት። አንዴ ዳርክ ሞድ አብርታችሁ፣ አንዴ አጥፍታችሁ። ከዚያ ደጅ ውጡና ፀሐይ ላይ እዩት። እኔ ከሱቄ ወጥቼ ጎረቤት ሻይ ለምታፈላው ልጅ እሰጣታለሁ። «የት ነው ስብሰባው?» እላታለሁ። ወዲያው ከመለሰችልኝ ይላካል። ስልኩን ወደ ዓይኗ ካስጠጋች ተመልሼ እገባለሁ።

ተቀባዩ እናንተ ከሆናችሁና የመጣላችሁ ኢሜይል ባዶ ከመሰለ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ምረጡት። ከተደበቀበት ብቅ ይላል። ካልሆነም ዳርክ ሞዱን አጥፉት። ከዚያ ለላኪው አንድ ስክሪንሾት ላኩለት። እኔ «ባዶ ነው» ስባል ሁለት ቀን ሙሉ የኢንተርኔቱን ገመድ ስነቅል ስሰካ ነው የሰነበትኩት።