አዲስ መኪና መሪው ሲርገፈገፍ፦ ባላንስ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የንቅጥቅጡን ዓይነት ሳይለዩ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ ማሠራት ነው። አላይመንት የሚጠቅመው መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲስብ ወይም ጎማው ባንድ ወገን ሲበላ ነው። የባላንስ ችግር፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አለመሆን፣ የሚታወቀው በፍጥነት ነው፤ በሰፈር መንገድ ጸጥ ያለው መኪና ከቱሉ ዲምቱ የአዳማን ፈጣን መንገድ ይዞ ከ80 እስከ 110 ሲደርስ ይርገፈገፋል። መሪው ላይ ከተሰማዎት የፊት፣ ወንበሩ ላይ ከሆነ የኋላ ጎማ ይጠርጥሩ። ፍሬን ሲይዙ ብቻ ከመጣ ዲስኩን ያሳዩ።

ሁለተኛው፣ ቆሞ የከረመ መኪናን በቀጥታ ጎሚስታ መውሰድ። አዲስ ቢባልም ወደብና መጋዘን ውስጥ ወራት ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ መሬት የነካው የጎማ ክፍል ጠፍጣፋ ይሆናል። ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱን በሾፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ልክ ያስተካክሉና ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱት። አንዳንዱ በዚሁ ይስተካከላል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ግን የቆሸሸ ቸርኬ ባላንስ ሲደረግ ነው። በሰበታም በሱሉልታም ኮረኮንች የሚመላለስ መኪና በቸርኬው የውስጥ ገጽ ላይ ጭቃ ይደርቅበታል። የባላንስ ማሽኑ ጭቃውን እንደ ጎማው ክብደት ይቆጥርና በትይዩው እርሳስ፣ ማለትም ማመጣጠኛ ክብደት፣ ያስለጥፋል፤ ጭቃው ሲረግፍ እርሳሱ ብቻውን ይቀራል፣ ንቅጥቅጡም ይብሳል። ስለዚህ የውስጡ ይታጠብ፣ አሮጌው እርሳስ ይነሳ፣ አዲሱ የሚለጠፍበት ቦታ ተጠርጎ ይድረቅ።

ማሽኑ ዜሮ ስላሳየም አይመኑ። ጎማው ይፈታ፣ በማሽኑ ዘንግ ላይ ግማሽ ዙር ዞሮ እንደገና ይታሰርና ይሽከርከር። ከ10 ግራም በላይ ካሳየ ወይ ጎማው መሃል ላይ አልተቀመጠም፣ ወይ ማሽኑ ልክ አይደለም። ይህን ለመሞከር ፈቃደኛ ያልሆነ ጎሚስታ ጋ ባይሠሩ ይሻላል።

ሲገጠምም ቸርኬው የሚያርፍበት ገጽ ከዝገትና ከአሸዋ ይጽዳ። ዳዶዎቹ በተርታ ሳይሆን በትይዩ፣ በመመሪያው ልክ ይጥበቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ይፈተሹ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተወው መኪናውን በክሪክ አንስተው ካቻቢቴ ከጎማው ጥርስ አጠገብ ሳያነቃንቁ ይያዙና ጎማውን በእጅ ያዙሩ። ክፍተቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋና ከጠበበ ጎማው ወይም ቸርኬው ክብነቱን አጥቷል፤ እርሳስ አያድነውም። ቸርኬውን በመዶሻ ከማስመታትዎ በፊት ዋስትናው ሳይፈርስ ለሻጩ ያሳዩ።